ላ ፍራንዣ፦ በአፍ መፍቻቸው መጻፍን ሳይማሩ ደራሲ የሆኑ ሰዎች

ካታላንኛ ሲባል የብዙ አንባቢ ሐሳብ ወዲያው ወደ ባርሴሎና ይሄዳል፤ ከባርሴሎና ወደ ካታሎኒያ፣ ከዚያም ወደ ነፃነት ጥያቄው። ዜናው ቋንቋውን፣ ክልሉንና ፖለቲካውን ሦስቱንም በአንድ ገመድ አስሮ ስለሚያቀርብ «ካታላንኛ የሚናገር ሁሉ የካታሎኒያ ሰው ነው» የሚለው ግምት ሥር ሰዷል። ግምቱ ግን ስህተት ነው። ቋንቋው በቫሌንሲያ፣ በባሌሪክ ደሴቶች፣ በአንዶራ፣ በደቡብ ፈረንሳይ ጠርዝና በሰርዲኒያ ደሴት ባለች አንዲት ከተማ ሳይቀር ይነገራል። ከእነዚህ ሁሉ እምብዛም ስሙ የማይነሳው ደግሞ በስፔን ውስጥ፣ በአራጎን ራስ ገዝ ክልል ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ የተዘረጋው፣ ላ ፍራንዣ የሚባለው ቀጭን መሬት ነው።

ይህ ማብራሪያ ስለዚያ መሬት ደራሲያንና ገጣሚያን ነው። የሕዝቡ ቁጥር ከአንድ መካከለኛ ከተማ አይበልጥም፤ ያፈራቸው ጸሐፊዎች ግን በካታላንኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከቁጥሩ ጋር የማይመጣጠን ቦታ ይዘዋል። ለምን እንዲያ እንደሆነ ለመረዳት መጻሕፍቱን ብቻ መዘርዘር አይበቃም። ወሰኑን፣ የቋንቋውን ስምና ወንዙን ማወቅ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላ ፍራንዣ የት ነው?

«ፍራንዣ» ማለት በካታላንኛ እንደ ጥለት ያለ ረጅምና ጠባብ ቁራጭ ማለት ነው። ከፒሬኔ ተራሮች ተነስቶ የአራጎንንና የካታሎኒያን ወሰን ተከትሎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። 60 ያህል ማዘጋጃ ቤቶችና 50 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ አለው። ከላይ ሪባጎርሳ የሚባለው ተራራማ አውራጃ፣ ከሥሩ ላ ሊቴራ፣ ቀጥሎ የፍራጋ ከተማ የምትገኝበት የታችኛው ሲንካ፣ በስተመጨረሻም የወይራና የለውዝ አገር የሆነው ማታራኛ አለ።

ፍራንዣ በካርታ ላይ አንድ የአስተዳደር ክፍል ሆኖ አያውቅም። በኡዌስካ፣ በዛራጎዛና በቴሩዌል አውራጃዎች ተከፋፍሏል። የጋራ ዋና ከተማ የለውም፣ ምክር ቤትም የለውም። ነዋሪው ሐኪም ወይም ገበያ ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ ቅርቡ ወደሆነችው የካታሎኒያ ከተማ ወደ ሌይዳ ይሻገራል፤ የመንግሥት ጉዳይ ሲኖረው ደግሞ ወደ አራጎን ዋና ከተማ ወደ ዛራጎዛ ይሄዳል። ያገሩ ሰው በሁለት አቅጣጫ ይኖራል ማለት ይቻላል፣ መጻሕፍቱም እንደዚያው ናቸው።

ወሰኑ እንዴት እዚያ ላይ አረፈ?

በ1137 የአራጎን መንግሥትና የባርሴሎና መኳንንት ግዛት በጋብቻ ውል አንድ ዘውድ ሥር ገቡ። በ1149 ሌይዳ፣ ፍራጋና መኪነንሳ ከሙስሊም ገዥዎች እጅ ተወሰዱ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰፋሪ ከሰሜንና ከምሥራቅ ወረደ፣ ቋንቋውንም ይዞ መጣ። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ወገን የአንድ ንጉሥ አገር ስለነበረ አንድ መንደር በየትኛው በኩል እንደሚመዘገብ ለተናጋሪው ትልቅ ነገር አልነበረም። በአራጎንና በካታሎኒያ መካከል ያለው ወሰን የጠራው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ሲሆን፣ ካታላንኛ ተናጋሪ የሆኑ መንደሮች በአራጎን በኩል ቀሩ።

ስለዚህ የፍራንዣ ካታላንኛ በቅርብ ዘመን ከካታሎኒያ ተሰዶ የመጣ አይደለም። ይህን ነጥብ ማስረገጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ቋንቋው ከጎረቤት ክልል የተጫነብን ነው» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ይሰማል። ቋንቋው ዛሬ ባለበት ቦታ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ኖሯል። በመካከሉ ያለፈው የአስተዳደር መስመር ነው።

ነዋሪዎቹ ቋንቋቸውን ምን ብለው ይጠሩታል?

እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። የፍራጋ ሰው «ፍራጋቲ» ይላል፣ የመኪነንሳ ሰው «መኪነንሳ» ይለዋል፤ እያንዳንዱ በከተማው ስም ማለት ነው። ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ግን «ቻፑረአው» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ የመጣው ቋንቋን አበላሽቶ፣ ደባልቆ መናገር ከሚል ግሥ ነው። በአጭሩ «የተበላሸ አነጋገር» እንደማለት ነው። ስድቡ ከጊዜ ብዛት ስም ሆነ፤ ዛሬ ብዙ አዛውንቶች በፍቅር ይጠሩበታል።

እኛ ዘንድ ልጅ የቤት ስምና የትምህርት ቤት ስም ይኖረዋል። በቤት ስሙ ብቻ ያደገ ልጅ መዝገብ ላይ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ላይል ይችላል። የፍራንዣ ቋንቋ የደረሰበት ይህ ነው። የቤት ስም አለው፣ የመዝገብ ስሙን ግን ማንም አልነገረውም። በመሆኑም ነዋሪው «ቤታችሁ ምን ትናገራላችሁ?» ሲባል የከተማውን ስም ይጠራል፤ «ካታላንኛ ትናገራላችሁ?» ሲባል ደግሞ «እኛስ አንናገርም» ሊል ይችላል። የቋንቋ ሊቃውንት ግን ስለ ምንነቱ አይከራከሩም። ካታላንኛ ነው፣ የምዕራባዊው ቀበልኛ አካል።

ልዩነቱን በጆሮ ለመያዝ ሁለት ቃል ይበቃል። በመደበኛው ካታላንኛ «ዝናብ ይዘንባል» ለማለት «ፕሎው»፣ ቁልፍን ደግሞ «ክላው» ይባላል። ከፍራንዣ ሰሜናዊ ክፍል ሲደርሱ በ«ፕ» እና በ«ክ» ተቀድማ የመጣችው «ል» ትለሰልሳለች፤ «ፕልዮው»፣ «ክልያው» ይሆናል። ወደ ማታራኛ ሲወርዱ ይህ ይጠፋና ሌላ ምልክት ይመጣል፦ በባርሴሎና «ኤል» የሚባለው ጠቋሚ ቃል እዚህ «ሎ» ነው፣ «እኛ» የሚለውም «ኖሳልትረስ» ሳይሆን «ናትሮስ» ነው። ልዩነቶቹ ይህን ያህል ናቸው፤ ተናጋሪዎቹ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ።

የሚናገሩትን መጻፍ ያልቻሉት ለምንድን ነው?

ትምህርት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብና የቤተ ክርስቲያኑ ስብከት ለብዙ ዘመን በስፓኒሽ ስለነበሩ ነው። ልጁ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ቋንቋ ተናግሮ በሰባተኛው ዓመት በሌላ ቋንቋ ፊደል ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ እናቱን በካታላንኛ ያናግራታል፣ ደብዳቤ ሲልክላት ግን በስፓኒሽ ይጽፍላታል። ከ1939 እስከ 1975 የዘለቀው የአምባገነኑ የፍራንኮ አገዛዝ ይህን አጠናከረው እንጂ አልጀመረውም። በካታሎኒያ ፍራንኮ ቋንቋውን ከማገዱ በፊት በካታላንኛ የተማረ ትውልድ ነበረ፤ በፍራንዣ ግን ወላጅም አያትም በቋንቋው ፊደል አልቆጠሩም።

የዚህን ውጤት በሥነ ጽሑፍ ለማየት ብራውሊዮ ፎስን ማንሳት ይጠቅማል። ፎስ በ1791 በማታራኛ አካባቢ በምትገኘው በፎርኖልስ መንደር ተወለደ፤ በዛራጎዛ የግሪክኛ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1844 ያሳተመው የፔድሮ ሳፑቶ ሕይወት የሚባለው ልቦለድ ከአራጎን ታላላቅ መጻሕፍት አንዱ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በስፓኒሽ ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ የተማረ የፎርኖልስ ሰው ሌላ አማራጭ በሐሳቡም የሚመጣ አልነበረም።

ከፎስ ልቦለድ 140 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1 ቀን 1984፣ የአካባቢው ከንቲባዎች መኪነንሳ ላይ ተሰብስበው ከአራጎን የባህል ኃላፊ ከሆሴ ባዳ ጋር አንድ መግለጫ ፈረሙ። ባዳ ራሱ የፍራንዣ ልጅ ነው፣ የፋባራ ሰው። ከመግለጫው በኋላ በ1984 እና 85 የትምህርት ዘመን ካታላንኛ በፈቃደኝነት የሚወሰድ ትምህርት ሆኖ ገባ። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ ቢሆንም የፍራንዣ ልጆች የቤታቸውን ቋንቋ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ማየት የጀመሩት በዚህ ነው። ከዚህ በታች የምናገኛቸው ጸሐፊዎች ግን ሁሉም ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። አብዛኞቹ መጻፉን ራሳቸው ተማሩ።

ራስን በራስ ማስተማሩ ምን ይመስላል?

የጽሕፈት ሥርዓቱ እስከዚያው ድረስ ባርሴሎና ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። የካታላን ጥናት ተቋም የአጻጻፍ ደንቡን በ1913 አወጣ፣ የቋንቋ ሊቁ የፖምፔው ፋብራ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1932 ታተመ። ስለዚህ ጸሐፊው ፊደል መፍጠር አይጠበቅበትም። ችግሩ ደንቡ ውስጥ የእናቱ ድምፅ አለመኖሩ ነው።

ወጥ ስትሠራ የኖረችን እናት «በግራም ጻፊልኝ» ብንላት የሚገጥማት ዓይነት ችግር ነው። ሙያውን ታውቀዋለች፤ መለኪያው ግን የእሷ አይደለም። በግራም ብትጽፍ ጣዕሙ ይጠፋል፣ እጇ እንደሚያውቀው ብትጽፍ ሌላው አይገባውም።

የፍራንዣ ጸሐፊ በሦስት ቦታ ይሰናከላል። የመጀመሪያው ልክ እንደሚሰማው ለመጻፍ ሲሞክር ነው። «ፕልዮው» ብሎ በራሱ አጻጻፍ ቢያሰፍረው ከመንደሩ ሁለት ሸለቆ ማዶ ያለው አንባቢ ይደናገራል፣ የባርሴሎናው አንባቢም መጽሐፉን እንደ ጉድ ያየዋል። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ሁሉንም በመደበኛው ይጽፍና የመንደሩ ሰው «ይህ እኮ የእኛ አይደለም» ይለዋል። ሦስተኛው ከሁሉም ስውር ነው። የፍራንዣ ሰው ሲያወራ በመሃል የስፓኒሽ ቃል ያስገባል፤ ስለ ሕግ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ወታደር ሲሆን በተለይ። ጸሐፊው እነዚህን ጠርጎ ካወጣቸው ሰዎቹ የሐሰት ንጽሕና ይላበሳሉ። ሁሉንም ከተዋቸው ደግሞ መጽሐፉ «የተበላሸ አነጋገር» የሚለውን የድሮ ስም ያጸድቃል።

ሁለቱ ታላላቅ ጸሐፊዎች ለዚህ የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። ልቦለድ ጸሐፊው ጄሱስ ሞንካዳ ሰዋስውን ከመደበኛው፣ ቃላቱን ከወንዙ ዳር ወሰደ። ገጣሚው ዴሲደሪ ሎምባርቴ ግን «ሎ» እና «ናትሮስ» ሳይቀር የመንደሩን መልክ ይዞ ወጣ። ልዩነቱ ከዘውጉ ይመነጫል። ግጥም በጆሮ የሚደመጥ ስለሆነ የአፍ መልኩ ሲለወጥ ምጣኔው ይሰበራል፤ ልቦለድ ግን መቶ ሰው ተሸክሞ ሩቅ የሚሄድ ነገር ስለሆነ አጽሙ ለሁሉም አንባቢ የሚታወቅ መሆን አለበት።

መኪነንሳን ያሰጠማት የትኛው ግድብ ነው?

ሞንካዳ በ1941 የተወለደው በመኪነንሳ ነው። ሴግሬና ሲንካ ተገናኝተው ወዲያው ከታላቁ ኤብሮ ጋር የሚቀላቀሉት እዚህ ነው። የከተማዋ እንጀራ ሁለት ነገር ነበር፦ በዙሪያዋ ካሉት ጉድጓዶች የሚወጣው ሊግናይት የተባለ ቡናማ የድንጋይ ከሰልና ከሰሉን ወደ ታች የሚያወርደው ወንዝ።

በዚህ ታሪክ ላይ በተደጋጋሚ የሚሠራ አንድ ስህተት አለ። ሰው «የመኪነንሳ ግድብ» የሚለውን ስም ሲሰማ ከተማዋን የዋጣት እሱ ይመስለዋል። የመኪነንሳ ግድብ ያለው ከከተማዋ በላይ ነው፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲጠናቀቅ ወደ ኋላ 110 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝምና 1.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዝ ሐይቅ ፈጠረ። ይህ ሐይቅ ግን የሚተኛው ከግድቡ ጀርባ ስለሆነ ከግድቡ በታች ያለችውን ከተማ አይነካም። የነካት ሌላው ነው። ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች፣ በካታሎኒያ በኩል፣ ሪባ ሮዣ ላይ ሁለተኛ ግድብ ተሠራ። የዚህኛው ውኃ ወደ ኋላ እየተኛ መጥቶ የላይኛውን ግድብ እግር እስኪነካ ድረስ ሸለቆውን ሞላው። መኪነንሳ በሁለቱ መካከል ተያዘች። በዚያው ውኃ ፋዮ የምትባለው የወንዝ ዳር መንደርም በ1967 ሰጠመች፤ የቤተ ክርስቲያኗ ማማ ዛሬም ከውኃው በላይ ቆሞ ይታያል።

መኪነንሳ ግን በአንድ ሌሊት አልሰጠመችም። ሰዉ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ በሴግሬ ዳር ወደተሠራው አዲስ ከተማ ተዛወረ፤ የተለቀቁት ቤቶች እየፈረሱ፣ ቀሪዎቹ ነዋሪዎች በፍርስራሽ መካከል እየኖሩ። ዝውውሩ ያለቀው በ1970ዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ «የሰጠመች ከተማ» ከማለት «እያለች የፈረሰች ከተማ» ማለት ይቀርባል። የታችኞቹ መንገዶች ከውኃ ሥር ናቸው፣ የላይኞቹ የቤት መሠረቶች ደግሞ ዛሬ እንደ ክፍት ሙዚየም ይጎበኛሉ።

«ሲርጋ» ምንድን ነው?

የሞንካዳ ትልቁ ልቦለድ በ1988 ወጣ። ርዕሱ «ካሚ ደ ሲርጋ» ነው፤ «ካሚ» መንገድ፣ «ሲርጋ» ደግሞ ጀልባ መጎተቻ ገመድ። ርዕሱን ለመረዳት የወንዙን ሥራ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል።

ጀልባው «ልያጉት» ይባላል፤ ከእንጨት የተሠራ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ሸራ የሚሰቀልበት ምሰሶ ያለው። ከሰል ተጭኖ ወደ ታች፣ ወደ ቶርቶሳ ሲወርድ ወንዙ ራሱ ይወስደዋል፤ የሠራተኛው ድካም ከድንጋይና ከደለል መጠበቅ ነው። ከባዱ መመለሱ ነው። ነፋስ ከታች ወደ ላይ የነፈሰ እንደሆነ ሸራ ይዘረጋል። ነፋስ ከሌለ ግን ረጅሙ ገመድ ከጀልባው ተነስቶ ወደ ዳር ይወጣል፣ ጫፉ ለበቅሎዎች ይታሰራል፤ በቅሎ ከሌለም ለሰው ትከሻ። ጎታቾቹ በወንዙ ዳር በተረገጠው ቀጭን መንገድ ላይ ይሄዳሉ። ያ መንገድ ነው የሲርጋው መንገድ።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ገመዱ የሚስበው ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም ስለሆነ የጀልባው አፍንጫ ሁልጊዜ ወደ ዳር ይዞራል። መሪውን የያዘው ሰው ደግሞ ያለማቋረጥ ወደ ወንዙ መሃል መግፋት አለበት። አብዝቶ ከገፋ በቅሎዎቹን ወደ ውኃ ይጎትታቸዋል፣ ካነሰ ጀልባው ደለል ላይ ይቀመጣል። በጎታችና በመሪ መካከል ያለው ውል በእያንዳንዱ እርምጃ ይታደሳል።

አሁን የልቦለዱን አሠራር እንይ። ታሪኩ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፦ በሚያዝያ 12 ቀን 1970 የመጀመሪያው ቤት ሲፈርስ፣ ምሰሶና ጣሪያ ሲደረመስ። ከዚያ ትረካው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከወራጁ ጋር ሳይሆን ከወራጁ ተቃራኒ፣ ልክ ባዶው ልያጉት ወደ ላይ እንደሚጎተተው። አንድ ሽታ ወይም አንድ ሥዕል አንዱን ሰው ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ሌላው ሰው ደግሞ ከዚያው ቦታ ሌላ ሃያ ዓመት ይጨምራል። በዚህ መንገድ አንድ መቶ ዓመት ያህል ይገለጣል። በሞሮኮ በቴቱዋን ጦርነት የዘመተው ሽማግሌ ጀልባ ሹም አርኪመደስ ኪንታና፣ በእሱ እጅ ሥራውን የተማረው ኔልሰን፣ የማዕድን ባለቤት ልጅ የሆነችው ካርሎታ ደ ቶሬስ፣ እነዚህ ሁሉ ከተማዋን ከየአቅጣጫው ያሳዩናል።

ኢኮኖሚውም ትክክለኛ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስፔን ገለልተኛ ነበረች፤ ከእንግሊዝ ይመጣ የነበረው ከሰል ሲጓደል የመኪነንሳ ሊግናይት በድንገት ወርቅ ሆነ። ባለ ጉድጓዶቹ ከበሩ፣ ቡና ቤቶች ተከፈቱ። ጦርነቱ ሲያበቃ የተሻለው ከሰል ተመለሰና ብልጽግናው በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ሞንካዳ ይህን በቁጥር አይነግረንም፤ በልብስ፣ በመጠጥና በሐሜት ያሳየናል። የድሮው ዘመን ገነት እንዳልነበረ ማሳየቱ ከጥንካሬዎቹ ሁሉ ዋናው ይመስለኛል። ግድቡ ግፍ ነው፤ ግን ከግድቡ በፊት የነበረችው ከተማም ጌታና ሎሌ፣ ገዳይና ሟች ነበራት። በ1997 ያሳተመው ሌላው ልቦለዱ በ1877 በአካባቢው በእርግጥ የደረሰን ዝርፊያና ግድያ ያነሳል፤ የገዳይና የሟች ዘመዶች ያንን ትዝታ እስከ ዛሬ እንዴት እንደሚሸሽጉት ይመረምራል።

ሞንካዳ ወደ ባርሴሎና ሄዶ በአንድ ማተሚያ ድርጅት ሲሠራ ከስደት የተመለሰውን ደራሲ ፔሬ ካልደርስን አገኘ፤ ጻፍ ብሎ ያበረታታው እሱ ነው። ከፈረንሳይኛም ይተረጉም ነበር፣ ሥዕልም ይሥል ነበር። በ2004 የአራጎን መንግሥት የሥነ ጽሑፍ ሽልማቱን ሰጠው፤ በካታላንኛ ለጻፈ ሰው ከዛራጎዛ የመጣ ሽልማት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በቀጣዩ ዓመት አረፈ።

ገጣሚው ሎምባርቴስ?

ዴሲደሪ ሎምባርቴ በ1937 በማታራኛ በፔና ሮዣ ተወለደ፣ በ1989 ባርሴሎና ውስጥ ሞተ። መተዳደሪያው የንድፍ ሥራ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ክፍል አልገባም። አብዛኛው ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ ነው። ከመጻሕፍቱ አንዱ «ትዝታ የጠፋባት የአሮጊት በቅሎ ትዝታዎች» የሚል ርዕስ አለው፤ ርዕሱ ብቻውን አጻጻፉን ይነግረናል፦ ገጠሬ፣ ፈገግተኛ፣ ከሥሩ ሐዘን ያለበት።

ሎምባርቴ ሌላም ሥራ ሠርቷል፤ በእኔ ግምት ከግጥሙ የሚነጠል አይደለም። የመንደሩን የቦታ ስሞች በሙሉ፣ የ600 ዓመት መዛግብት እያገላበጠ ሰበሰበ፤ ምንጩን፣ ገደሉን፣ እርሻውን፣ ሜዳውን። ሰው እየፈለሰ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠፋው የቦታ ስም ነው። እርሻውን የሚያርስ ከሌለ ስሙን የሚጠራበት ምክንያት የለም። የግጥሞቹ ቃላት ከዚያ መዝገብ የወጡ ናቸው ማለት ይቻላል። በዚያው ማታራኛ፣ በካላሴይት፣ ሸክላ ሠሪና ገጣሚ የነበረችው ቴሬሳ ጃሳም ኖራለች። ካላሴይት በ1970ዎቹ የቺሊው ደራሲ ሆሴ ዶኖሶ የተቀመጠባት ከተማም ናት፤ የእሱ ሥራ ግን በስፓኒሽ የተጻፈ ስለሆነ ከዚህ ቤት እንግዳ እንጂ ልጅ አይደለም።

ከውኃው በኋላ ምን ተጻፈ?

ሳይዲ ከሲንካ ወንዝ አጠገብ ያለች ትንሽ የገበሬ ከተማ ናት፤ ሁለት ትልልቅ ጸሐፊዎች ሰጥታለች። መርሴ ኢባርስ በ1954 ተወለደች። በ1993 ያወጣችው መጽሐፍ «የተገለለው መሬት» እንደማለት ነው። ርዕሱ ከአውሮፓ የግብርና ፖሊሲ የተወሰደ ቃል ነው፦ የእህል ምርት ሲትረፈረፍ የአውሮፓ ማኅበረሰብ ገበሬው ከመሬቱ ከፊሉን ሳያርስ እንዲተው፣ ለተወው መሬትም ክፍያ እንዲያገኝ አደረገ። ይህ ለባለሙያ የገበያ ማስተካከያ ነው። ዕድሜውን ሙሉ «ጾም ያደረ መሬት ነውር ነው» ብሎ ለኖረ ገበሬ ግን ምን ማለት እንደሆነ የኢባርስ መጽሐፍ ያሳያል። መኪነንሳን ውኃ ወሰዳት፤ የሳይዲን እርሻ አንድ ቅጽ ላይ የተሞላ ቁጥር ወሰደው።

ፍራንሴስክ ሰሬስ በ1972 በዚያችው ከተማ ተወለደ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ልቦለዶቹ ገጠሩ ሲለወጥ የቀረውን ይመረምራሉ። በ2014 ያወጣው «የወሰኑ ቆዳ» ግን ዓይኑን ወደ ሌሎች አዞረ። በፍራጋና በሌይዳ መካከል ያለው ሜዳ እንደ ኮክ ያሉ ፍራፍሬዎች የሚለቀሙበት ነው፤ ለቃሚዎቹ ብዙዎቹ ከምዕራብና ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ናቸው፣ በመኸር ወቅት በተተዉ የእርሻ ቤቶች ውስጥ ያድራሉ። ሞንካዳ የፈረሱ ቤቶችን ከለቀቁት ሰዎች ወገን ጻፈ። ሰሬስ ደግሞ የተለቀቁት ቤቶች ውስጥ ከገቡት ጋር ተቀመጠ።

ሕጉ ዛሬ ምን ይላል?

በ2009 የአራጎን ምክር ቤት ካታላንኛን በስሙ ጠርቶ የሚያውቅ ሕግ አወጣ። በ2013 አዲስ አብላጫ መጥቶ ስሙን ሰረዘው፤ በምትኩ «የምሥራቃዊው አካባቢ የራሱ የአራጎን ቋንቋ» የሚል ረጅም ሐረግ አስገባ። ጋዜጦች የስፓኒሹን ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ወስደው «ላፓኦ» አሉት። ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው ደግሞ በሰሜን ተራሮች አራጎንኛ የሚባል ሌላ ቋንቋ መኖሩ ነው። በ2016 የቀድሞው ስም ተመለሰ። ያም ሆኖ ካታላንኛ በአራጎን የታወቀ ቋንቋ ነው እንጂ የሥራ ቋንቋ አይደለም፤ በትምህርት ቤትም እንደ ምርጫ ትምህርት ነው የሚሰጠው።

ለጸሐፊው የስሙ ጉዳይ የክብር ብቻ አይደለም፣ የሥራም ነው። ቋንቋው «ላፓኦ» ከሆነ የራሱ መዝገበ ቃላት፣ የራሱ አራሚ፣ የራሱ አሳታሚ ሊኖረው ነው፤ ለ50 ሺህ ሰው ይህን የሚያቆም የለም። ካታላንኛ ከሆነ ግን የሞንካዳ መጽሐፍ ባርሴሎና ታትሞ፣ ቫሌንሲያ ተነቦ፣ ከዚያም ከአሥር በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች ይተረጎማል። የሆነውም ይኸው ነው።

ማንበብ የፈለገ ከየት ይጀምር?

ካታላንኛ ለማያነብ አንባቢ ቅርቡ መግቢያ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ የሚገኘው «ካሚ ደ ሲርጋ» ነው። የመጀመሪያዎቹ 30 ገጾች ስም ያበዛሉ፤ ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚዘጋው እዚያ ላይ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ወረቀት ላይ የሁለት ወንዞችን መገናኛ ሥላችሁ ከተማዋን በመካከል አስቀምጡ፤ ላይ አንድ ግድብ፣ ታች አንድ ግድብ። በጎን ሁለት ዓምድ አስምሩና ጀልባ ላይ የሚሠሩትን በአንዱ፣ የማዕድን ባለቤቶቹን በሌላው ጻፉ። በእያንዳንዱ የጊዜ ዝላይ ላይ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ አሁን የሚያስታውሰው ማነው? ዓመተ ምሕረቱን ሳይሆን ሰውየውን ተከተሉ። ገመዱ ያለው በእሱ እጅ ነው።